የአገራችን ጽጌ ረዳ



የክረምቱ ደመና መሰብሰብ በጀመረበት በዚህ በግንቦት ወር፣ ሁላችንም በየግቢያችን ምን እንትከል እያልን በምንመካከርበት ጊዜ፣ የአትክልት ወዳጆች ማኅበራችሁ መሪዎች ጠርተውኝ፣ «አበባው ዓይንን ደስ የሚያሰኝ፣ ፍሬው የሚበላ፣ ውርጩንም በጋውንም የሚችል ቁጥቋጦ ቢኖር፣ ስለ አተካከሉና ስለ ጥቅሙ ይንገሩን» ብለው ስለ ጠየቁኝ፣ ለተሰጠኝ ክብር ምስጋናዬን አስቀድሜ በፊታችሁ ቆሜአለሁ። መልሱን ከሩቅ መፈለግ አላስፈለገኝም፤ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው በባሕር ዛፉ ጫካ ዳርና በገደሉ አፋፍ ላይ የሚያገኘው፣ ደገኛ የሆነ ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው፣ ነገር ግን በአጥሩ ውስጥ በክብር የሚተክለው ሰው እጅግ ጥቂት የሆነ አንድ ተክል አለና። እርሱም ቀጋ ነው።

ንግግሬን በአራት ከፍዬ አቀርበዋለሁ። በመጀመሪያ ቀጋ ከዕፀዋት ሁሉ መካከል ማን እንደ ሆነ እነግራችኋለሁ፤ ቀጥዬ ጽጌ ረዳ በአገራችን ስለ ነበረውና ዛሬም ስላለው ክብር ጥቂት እላለሁ፤ ከዚያም በዋናው ጉዳይ፣ ማለትም ቀጋ በግቢ ውስጥ እንዴት እንደሚተከልና እንደሚጠበቅ እዘገያለሁ፤ በመጨረሻም ስለ ፍሬው እናገራለሁ። በእነዚህ በአራቱም ውስጥ የምደጋግመው ሐሳብ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ቀጋ እሾህ ከመሆኑ አስቀድሞ ጽጌ ረዳ ነው፣ ስለዚህም የጽጌ ረዳ ስፍራ ይገባዋል የሚል ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ቀጋን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ አልገምትም። ከብት ሲጠብቅ ወይም ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ቁጥቋጦ ቀዩን ፍሬ ለቅሞ፣ በጥርሱ ከፍሎ፣ ውስጡን በጥፍሩ ጠርጎ የበላ፣ ክንዱንም በእሾሁ ያስጫረ፣ ከመካከላችን ብዙ ነው። ገበሬውም ቀጋን የሚያውቀው ቆርጦ የበረቱንና የአዝመራውን አጥር ስለሚያጥርበት ነው። ስለዚህ ለልጁ ፍሬ፣ ለአባቱ አጥር ሆኖ የኖረ ተክል ነው እንጂ፣ በአበባነቱ የሚጠራው አልነበረም። ሆኖም የዕፀዋትን ባሕርይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ቀጋን ያወቁት በአበባው ነው። በ19ኛው ምዕት ዓመት መባቻ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ከሰበሰባቸው ዕፀዋት መካከል ይኸው ቀጋ ነበረበት፤ ሮበርት ብራውን የተባለው የዕፀዋት ሊቅ ስም አወጣለት፤ ጆን ሊንድሌይም በዓለም ላይ ስላሉት ጽጌ ረዳዎች በጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1820 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሮዛ አቢሲኒካ ብሎ ከወገኖቹ ጋር አስቈጠረው። ይህ ከሆነ 200 ዓመት አልፎታል።

አሁን የምለውን በጥሞና እንድትሰሙልኝ እለምናለሁ። በዓለም ላይ ከመቶ የሚበልጥ የዱር ጽጌ ረዳ ዓይነት አለ፤ የሚበዛው በእስያ፣ የቀረው በአብዛኛው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ነው። ከሰሐራ በረሃ በስተ ደቡብ ባለው ሰፊው የአፍሪካ ምድር ግን ማንም ሳይተክለው በተፈጥሮው የሚበቅል ጽጌ ረዳ አንድ ቀጋ ብቻ ነው። ርስቱም በዋናነት የእኛው ደጋ፣ የኤርትራ ተራሮች፣ የሰሜን ሶማሊያ ከፍተኛ ቦታዎችና ከባሕሩ ማዶ ያለው የየመን ተራራማ አገር ነው። ዘመዶቹን ብትጠይቁ፣ ኮሶው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ እንጆሪው፣ ኮኩና ፖሙ ሁሉ የጽጌ ረዳ ቤተ ሰብ ናቸው። ስለዚህ ቀጋን ወደ ግቢው የሚያስገባ ሰው እንግዳ ተክል አያመጣም።

መልኩን ልግለጽላችሁ። ቀጋ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ቅርንጫፉ ረዝሞ ወደሚደገፍበት ነገር የሚዘረጋ፣ እሾሁ ወደ ታች የተቈለመመ ቁጥቋጦ ነው። ብቻውን ሲቆም በሰው ቁመት ወይም ከዚያ ጥቂት አልፎ ይቀራል፤ ዛፍ ወይም ግድግዳ ሲያገኝ ግን እየተንጠላጠለ እስከ 7 ሜትር ሊደርስ ይችላል። በአንድ ዘንግ ላይ አምስት ወይም ሰባት ሆነው የሚሰለፉት ትናንሾቹ ቅጠሎች ጠርዛቸው የመጋዝ ጥርስ አለው። አበባው በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ በዘለላ ይወጣል፤ አምስት ነጭ የአበባ ቅጠሎች አሉት፤ አንዳንዴም ወደ ፈዛዛ ቢጫ ያዘነብላል፤ በመካከሉ ቢጫው የአበባ ዱቄት በግልጽ ይታያል። መዓዛውም ሠናይ ነው። አበባው ረግፎ ፍሬው ሲጎመራ አረንጓዴው ወደ ብርቱካንማ፣ ብርቱካንማውም ወደ ቀይ ይለወጣል፤ በአረንጓዴው ቅጠል መካከልም ለብዙ ጊዜ ሳይረግፍ ይቆያል። ስለዚህ ይህ ተክል በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በአበባው፣ አንድ ጊዜ በፍሬው ያጌጣል፤ በቀረውም ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ይከርማል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በገበያ የምንገዛው ጽጌ ረዳ የአበባ ቅጠሉ እንዲበዛ በሰው እጅ ብዙ ዘመን የተመረጠ ስለ ሆነ፣ የአበባውን ዱቄት የሚያፈራው ክፍል አብዛኛው ወደ ቅጠልነት ተለውጦበታል፤ ንብ ብትመጣም የምትወስደው ጥቂት ነው፤ መግቢያውንም አታገኝም። የቀጋ አበባ ግን ለንብ ክፍት ነው። በደጋው የንብ አናቢዎች ዘንድ ቀጋ ከቀሰም ዕፀዋት መካከል የሚቈጠረው ስለዚህ ነው። በግቢው ቀፎ ያለው ወይም የፍራፍሬ ዛፍ የተከለ ሰው ቢኖር፣ ንቦቹን ለመጥራት ከዚህ የተሻለ ጎረቤት ለዛፉ አያገኝለትም።

ሁለተኛው ነጥብ የክብሩ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለውን አርባ ቀን ወርኃ ጽጌ ብላ ሰይማ፣ የእመቤታችንንና የልጇን ወደ ግብጽ መሰደድ እያሰበች፣ ሊቃውንቱ በየሰንበቱ ሌሊት አባ ጽጌ ድንግል የደረሰውን ማኅሌተ ጽጌ በዜማ ያደርሳሉ። ይህ ሕዝብ አበባን በምስጋናው ውስጥ ያስገባው አበባ ገዝቶ በጠረጴዛ ላይ ማኖር ከመጀመሩ እጅግ አስቀድሞ ነው። በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም የጽጌ ረዳ ተክል ነበረ። አሺል ሪሻር የተባለው ፈረንሳዊ የዕፀዋት ሊቅ፣ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ሕይወታቸው ያለፈው ሁለት ፈረንሳውያን መንገደኞች፣ ካርቴን ዲዮንና ፔቲ፣ በሰበሰቧቸው ዕፀዋት ላይ በአብዛኛው ተመሥርቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1847 ጀምሮ ባሳተመው የአቢሲኒያ ዕፀዋት መጽሐፍ ውስጥ፣ በትግራይ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የሚተከል አንድ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ያለው ጽጌ ረዳ ገልጾ፣ ቅዱሱ ጽጌ ረዳ ብሎ ሰየመው። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1888፣ እንግሊዛዊው የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪ ፍሊንደርስ ፔትሪ በግብጽ በፋዩም አውራጃ ሐዋራ በተባለ ቦታ የሮማውያንን ዘመን መቃብር ሲቈፍር፣ ከሙታኑ ጋር የተቀበሩ የደረቁ የጽጌ ረዳ ጉንጉኖች አገኘ። የቤልጅጉ የጽጌ ረዳ ሊቅ ፍራንሷ ክሬፐንም ጉንጉኖቹን መርምሮ ከሐበሻው ቅዱስ ጽጌ ረዳ ጋር አዛመዳቸው።

ይህ ቅዱስ ጽጌ ረዳ ራሱ ቀጋ አይደለም፤ ሁለት ጽጌ ረዳዎች ተዳቅለው የተገኘ ነው። ከወላጆቹ አንዱ ከአውሮፓና ከምዕራብ እስያ የመጣው ሮዛ ጋሊካ የሚባለው እንደ ሆነ ብዙዎች ይስማማሉ፤ ሌላው ወላጁ የሶርያው የዱር ጽጌ ረዳ ነው የሚሉ አሉ፤ የእኛው ቀጋ ነው የሚሉም አሉ። ከክርስትናው ጋር ከግብጽ ወይም ከሶርያ መጣ የሚለውም መላ ምት ነው። እኔ በዚህ ክርክር ዳኛ ልሆን አልመጣሁም። ነገር ግን አባቶቻችን ጽጌ ረዳን በቅጽራቸው ውስጥ ሲተክሉ፣ ከቅጽሩ ውጭ በገደሉ ላይ ሳይተከል የበቀለው ወንድሙ ሳይጠራ መቅረቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ዛሬስ? ዛሬ አገራችን በአበባ ንግድ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ሆናለች። በሆለታና በሰበታ፣ በደብረ ዘይትና በዝዋይ፣ በላስቲክ ቤቶች ውስጥ የሚያድገው ጽጌ ረዳ ማታ ከቦሌ ተጭኖ በማግሥቱ ከኔዘርላንድ ገበያ ይደርሳል። በሺህ የሚቈጠሩ ወንድሞችና እኅቶች እንጀራቸውን የሚያገኙበት ሥራ ስለ ሆነ ደስ ይለኛል። ሆኖም የሚተከለው ዘር ኔዘርላንዶች፣ ጀርመኖችና ፈረንሳዮች ያዳቀሉት ነው፤ አምራቹም ለአዳቃዮቹ የባለቤትነት ክፍያ ይከፍላል። ከዚያ ከላስቲክ ቤት አጥር ውጭ፣ በጅረቱ ዳር፣ ማንም ያላዳቀለው፣ ለማንም የማይከፈልበት፣ ከምድሩ ጋር የተፈጠረ ጽጌ ረዳ ቆሟል። ልጆቻችን ጽጌ ረዳ ሲባል የውጭ አገር አበባ ይመስላቸዋል፤ ይህ እኔን በእውነት ያሳዝነኛል።

ከዚህ በኋላ ወደ ሦስተኛውና ወደ ዋናው ነጥብ እንሂድ፤ በእጃችሁ ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ አሁን ብታወጡት መልካም ነው።

ቀጋ የሚስማማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 ሜትር አንሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ እስካለው ድረስ ነው። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ፍቼ፣ እነዚህ ሁሉ በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው። በቆላ ወይም በሞቃት ወይና ደጋ ቤት ያላችሁ ቀጋን በግድ ለማሳደግ አትድከሙ፤ ለእናንተ አጋም ይሻላችኋል። አጋምም ቅጠሉ የማይረግፍ፣ አበባው ነጭና መዓዛማ፣ ፍሬው ሲበስል ጠቁሮ የሚጣፍጥ፣ ለአጥር የተመቸ ቁጥቋጦ ነው። ስለ አጋም ግን ሳላስጠነቅቅ አላልፍም። ምረንዝ የሚባለው ዘመዱ አበባውና ጠቆር ያለው ፍሬው ከአጋም ጋር ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ሲቈረጡ ነጭ ወተት ያወጣሉ፤ ነገር ግን ምረንዝ ከጥንት ጀምሮ ለፍላጻ መርዝ ይቀመም የነበረ ብርቱ መርዝ ነው። መለያው እሾህ ነው፤ አጋም እሾህ አለው፣ ምረንዝ የለውም። እሾህ የሌለውን ቁጥቋጦ አጋም ነው ብሎ የሚሸጥላችሁ ቢኖር አትቀበሉት፤ ልጆቻችሁንም ይህንን ልዩነት አስተምሯቸው።

ወደ ቀጋ ልመለስ። ችግኙን የሚያገኙበት መንገድ ሦስት ነው። በፍሬው ውስጥ ካለው ዘር ማብቀል ይቻላል፤ ግን የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ስለ ሆነ ፈጥኖ አይበቅልም፤ አብቃዩም ትዕግሥተኛ መሆን አለበት። የበሰለውን ፍሬ ከፍቶ ዘሩን ከጠጉሩ ለይቶ አጥቦ፣ ሳይደርቅ በተቀላቀለ አሸዋና ብስባሽ ላይ ዘርቶ፣ አፈሩ እርጥበት እንዳያጣ መጠበቅ ነው። ብዙ ችግኝ ለሚፈልግ ለትምህርት ቤት ወይም ለችግኝ ጣቢያ ይህ መንገድ መልካም ነው። አንድ ወይም ሁለት ተክል ለሚበቃው ለግለ ሰብ ግን ቁርጥራጭ መትከል ይቀላል። በሰኔ ወር፣ ዝናቡ ሲጸና፣ ያረጀውንም ለጋውንም ትታችሁ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለውን የዘንድሮ ቅርንጫፍ ምረጡ። ከቅጠሉ አንጓ በታች በስለታም መቀስ ቁረጡት፤ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ጥቂት ይለፍ፤ የታችኛውን ቅጠል ሁሉ አንሥታችሁ ከላይ ሁለቱን ብቻ ተዉ፤ ከሦስት ሁለት እጁ አፈር ውስጥ እንዲገባ አድርጋችሁ በጥላ ስፍራ፣ አሸዋ በበዛበት አፈር ትከሉት። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ሥር መስደዱን ታውቃላችሁ፤ ያን ጊዜም ቢሆን ወደ ቋሚ ቦታው ለማዛወር አትቸኩሉ፤ እስከሚመጣው ክረምት ይቆይ።

ሦስተኛው መንገድ ሁሉን የሚረታው ነው። የቀጋ ቅርንጫፍ ረጅምና ተለማጭ ስለ ሆነ፣ አንዱን ጎንበስ አድርጎ ከወገቡ ላይ ቅርፊቱን ጥቂት ልጦ፣ የተላጠውን በአፈር ቀብሮ ድንጋይ ጭኖበት መተው ነው። ከእናቱ ሳይለይ እየተመገበ ሥር ይሰዳል፤ ሥሩ ከጸና በኋላ ከእናቱ ቆርጦ ማንሣት ነው። ጀማሪ ለሆነ ሰው ከዚህ የሚያስተማምን መንገድ የለም። በዚህ ሁሉ ግን አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ፤ በዱር ያለውን ቀጋ ከነሥሩ ነቅላችሁ አታምጡ። ትልቅ ቀጋ ከሥሩ ሲነቀል ብዙ ጊዜ ይሞታል፤ የእንጦጦም ዳገት ከነአፈሩ ይራቈታል። ቅርንጫፍ መውሰድ ግን እናቲቱን አይጎዳትም።

ቦታውን በሚመለከት፣ ቀጋ ፀሐይ ይወዳል። በጥላ ስር አይሞትም፤ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል እንጂ። ስለ አፈር አይመርጥም፤ ድንጋያማውንም ቀዩንም ይችላል፤ የማይታገሠው ውሃ የሚቋጥር መሬት ነው። በከተማችን በአዲስ አበባ ዝቅተኛ ክፍል ጥቁሩ መረሬ አፈር ያላችሁ፣ ጉድጓዱን በጠጠርና በአፈር ሞልታችሁ ከመሬቱ ከፍ ያለ መደብ ሠርታችሁ ካልተከላችሁት፣ በሐምሌና በነሐሴ ሥሩ ይበሰብሳል። ጉድጓዱ በስፋትም በጥልቀትም አንድ ክንድ ይበቃዋል፤ የላዩን አፈር ከሥሩ አፈር ለይታችሁ፣ የላዩን በደንብ ከበሰለ ፍግ ጋር አዋሕዳችሁ ወደ ታች መልሱት። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። ለብቻው የሚተከለው ከመተላለፊያው አራት ክንድ ይራቅ፤ ለአጥር የሚተከለው በየሁለት ክንዱ ቢሰለፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተያይዞ ዶሮ የማታልፍበት ቅጥር ይሆናል።

ውሃን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ጠልቆ እንዲገባ አድርጎ ማጠጣት ያስፈልጋል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ሥሩ ወደ ላይ እንዲቀር ስለሚያደርገው አይጠቅምም። በሁለተኛው በጋ እየቀነሳችሁ ሂዱ፤ ከዚያ በኋላ በተራራው ላይ ያለ አጠጪ የኖረ ተክል ነውና ከሰማይ የሚወርደው ይበቃዋል። ውሃ በየሳምንቱ በወረፋ በሚመጣበት ሰፈር ለምንኖር ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ መግረዝ በተለይ ልንገራችሁ፤ የአትክልተኞቻችን ልማድ ከቀጋ ባሕርይ ጋር የሚጋጨው እዚህ ላይ ነውና። ለቅንጦቱ ጽጌ ረዳ የተማረው አትክልተኛ፣ አበባው ሲጠወልግ ወዲያው ቆርጦ ይጥላል፤ ይህም ሌላ አበባ እንዲመጣ ትክክል ነው። በቀጋ ላይ ግን የጠወለገውን አበባ የቆረጠ ሰው ፍሬውን ቆረጠ። ስለዚህ አበባው ሲረግፍ እጃችሁን ሰብስቡ። ደግሞም የአጥር ጫፍ በመቀስ እንደሚከረከም አድርጎ ቀጋን ከላይ ማስተካከል አበባ ማሳጣት ነው፤ አበባው የሚወጣው በጫፉ ላይ ነውና። የሚሻለው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሳትነኩት ቆይታችሁ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ፍሬው ተለቅሞ ሲያልቅ፣ ካረጁት ግንዶች ከአራቱ አንዱን ከሥሩ ቆርጣችሁ ለአዲሱ ቦታ መልቀቅ ነው። እንዲህ ሲደረግ ተክሉ ሁልጊዜ ወጣት ሆኖ ይኖራል። በገበያ የሚሸጠው ጽጌ ረዳ ብዙ ጊዜ በሌላ ጽጌ ረዳ ሥር ላይ የተዳቀለ ስለ ሆነ ከሥሩ የሚወጣው ቡቃያ ባዕድ ነው፤ ይነቀላል። ቀጋ ግን በገዛ ሥሩ የቆመ ስለ ሆነ ከሥሩ የሚወጣው ሁሉ ራሱ ቀጋ ነው፤ አትንቀሉት።

በሽታው ጥቂት ነው። ክሽክሽ በለጋው ጫፍ ላይ ሲሰፍር በሳሙና ውሃ ማጠብ ይበቃል፤ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ሲመስል የታመመውን ቆርጦ ማቃጠልና ነፋስ እንዲገባው ማሳሳት ነው። አበባ በያዘበት ወራት ግን ምንም ዓይነት የተባይ መርዝ እንዳትረጩ፤ ንቦቹ ያልቃሉ።

«እሾሁስ?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። እሾሁ ወደ ታች የተቈለመመ ስለ ሆነ ልብስንም ሥጋንም ይዞ አይለቅም። ትንንሽ ልጆች በሚጫወቱበት ሜዳ አጠገብ፣ በበር ደፍ ላይ፣ ወይም በጠባብ መተላለፊያ ዳር የሚተክለው ሰው ይጸጸታል። ስፍራው ከግቢው ዳር፣ ከአጥሩ ጋር፣ ከግንቡ ሥር ነው። በግንባችን አናት ላይ የጠርሙስ ስባሪና የሽቦ እሾህ እየተከልን ስንኖር፣ ያንኑ ጥበቃ የሚሰጥ፣ ግን አበባ የሚያብብና ፍሬ የሚያፈራ እሾህ መኖሩን መርሳታችን ያስደንቀኛል። ቅርንጫፉን በግንቡ ላይ ባሰራችሁት ሽቦ ላይ አግድም ዘርግታችሁ ብታስሩት፣ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ብዙ የጎን ቡቃያ ስለሚወጣ አበባውም ፍሬውም ይበዛል፤ በቁም ከተተወ ግን ጫፉ ላይ ብቻ ያብባል።

የመጨረሻው ነጥብ የፍሬው ነገር ነው። የጽጌ ረዳ ፍሬ በጠቅላላው በቪታሚን ሲ ባለጸጋ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የብዙዎቹ ዓይነቶች ፍሬ ብርቱካንን ይበልጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብርቱካን በመርከብ ማስገባት ያቃታት ብሪታንያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ ሴቶችና ልጆች ከየመንገዱ ዳር የዱር ጽጌ ረዳ ፍሬ እንዲለቅሙ አድርጋ፣ ለሕፃናት የሚሆን ሽሮፕ አስጠምቃለች፤ ለቃሚዎቹም በሚዛን ይከፈላቸው ነበር። በስዊድን ደግሞ ከዚሁ ፍሬ የሚሠራው ሾርባ እስከ ዛሬ በየቤቱ የሚጠጣ ነው። እኛ ዘንድ ግን ይህ ፍሬ ከእረኛ ልጅ ኪስ አልፎ ወደ ማጀት አልገባም።

ለአበላሉ ጥንቃቄ ያሻል። የሚበላው የውጪው ሥጋ ነው፤ በውስጡ ያለው ዘር በደቃቅ ጠጉር የተከበበ ነው፤ ያ ጠጉር ጉሮሮንና አንጀትን ይከነክናል። ልጆች ይህን ከማንም ሳይማሩ ያውቁታል፤ ውስጡን የሚጠርጉትም ስለዚህ ነው። ፍሬው የሚለቀመው ፈጽሞ ሲቀላና በጣት ሲጫኑት ለስለስ ሲል ነው። ለመጠጥ የሚፈልገው ሰው ታጥቦና ግንጫው ተነሥቶ የተከተፈውን ፍሬ ፈልቶ በወረደ ውሃ ውስጥ ይጨምረዋል፤ ለጥቂት ደቂቃ በለዘብታ እሳት ያቈየዋል፤ ከዚያ አውርዶ ከድኖ ያሳድረዋል ወይም እስኪቀዘቅዝ ይተወዋል። እሳቱ ሲበዛና ሲረዝም ቪታሚኑ ይጠፋል፤ የመዳብ ድስትም ያንኑ ስለሚያፈጥን፣ በሸክላ ወይም በማይዝግ ብረት ድስት ይሠራ። ወንፊት ብቻውን ጠጉሩን አያስቀርም፤ በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ሁለት ጊዜ መጠለል ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ አትስነፉ። የተጠለለውን በማር ማጣፈጥ ይቻላል፤ ከስኳር ጋር ወፍሮ እስኪመጣ ያሰከኑት እንደ ሆነ ማርማላታ ይወጣዋል። በመንገድ ዳር፣ የመኪና ጢስ በሚበዛበት ቦታ ከበቀለ ቀጋ ግን ለመብል አትልቀሙ።

ሁሉንም ፍሬ አትጨርሱት፤ ከላይ ያለውን፣ እጃችሁ የማይደርስበትን፣ ለወፎቹ ተዉላቸው። ዘሩን ወስደው በሌላ ቦታ የሚዘሩት እነርሱ ናቸው።

ከመንበሩ ከመውረዴ በፊት፣ ዛሬ ጠዋት ከግቢዬ የቆረጥኳቸውን የቀጋ ቁርጥራጮች በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ማኖሬን ልንገራችሁ። የሚወስድ ሰው ሁለት ይውሰድ፤ አንዱ ቢደርቅ ሌላው ይቀራል። ጨርቁ ሳይደርቅ፣ ቢቻል ዛሬ ማታ፣ ባይቻል ነገ ጠዋት ይተከል፤ የወፈረው ጫፍ ወደ ታች ነው፤ ዝናቡ እስኪጸናም ድረስ ማታ ማታ ይጠጣ። በረንዳ ብቻ ያላችሁም በትልቅ ማድጋ ወይም በቆርቆሮ በርሜል ውስጥ፣ ከሥሩ ቀዳዳ ከፍታችሁ፣ ልታሳድጉት ትችላላችሁ፤ ያን ጊዜ ግን ውሃውን ዘወትር እናንተ ልታጠጡት ነው።